ሰዓቱ ካለፈ በኋላ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ መኪና ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የማሾና የሽንኩርት ማሳውን ወደ ኋላ ትቶ ደብረ ሲናን ያልፋል፤ ከዚያ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥቶ ጣርማ በር ሲደርስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኗል። ጣልያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው፣ 600 ሜትር የሚጠጋው ዋሻ እዚያ አለ። ከዋሻው ወዲያ ደጋው ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ በሙሉ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጤነኛ መንገደኛ ጋቢውን ደርቦ፣ ጆሮው እየተደፈነ፣ በመስኮት ገደሉን እያየ ይጨርሰዋል።

አፉ ወደ አንድ ወገን ለተጣመመበት፣ ቀኝ እጁ ዝሎ ለወደቀበት ሰው ግን ይህ ዳገት የሚለካው በሰዓት ነው። የአንጎል ደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ፣ ሕክምና ካላገኘ በያንዳንዱ ደቂቃ በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ተሰልቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ ጠቃሚነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ነበር፤ ያኔ የተሰጠው ጊዜ 3 ሰዓት ነው። በ2008 አውሮፓውያን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘሙት። በ2015 ደግሞ አምስት ጥናቶች ተከታትለው ወጡና፣ በትልቁ ደም ስር ውስጥ የተሰነቀረውን የደም ጓል በቀጭን ቱቦ ገብቶ ጎትቶ ማውጣት ሕመምተኛውን በእግሩ እንደሚያቆም አሳዩ፤ ይህም በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ከተደረሰ ነው። በ2018 ሁለት ሌሎች ጥናቶች በምስል ተመርጠው ለተለዩ ሕመምተኞች በሩን እስከ 16 እና እስከ 24 ሰዓት ከፈቱት።

እስቲ እነዚህን ሰዓቶች ይዘን በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ወዳለው ወደ ቀወት ወረዳ እንውረድ። አንድ የ58 ዓመት ገበሬ ሌሊት ተኝቶ ሲነጋ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው እንበል። ሕመሙ መቼ እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሰዓቱ የሚቆጠረው ጤነኛ ሆኖ ከታየበት ከማታው ነው። አንዱ ጎረቤት መጋኛ ነው ይላል፣ ሌላው ምች መታው ይላል፤ ጸበል የሚል አለ፣ ሸህ ይጠራና ዱዓ ይደረግ የሚል አለ። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ በባጃጅ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ እዚያ ሪፈር ተጽፎ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን እንደገና ሪፈር እስከ አዲስ አበባ። የወረዳው አምቡላንስ ምናልባት ወላድ ይዞ ወጥቷል። አዲስ አበባ ሲደርስ ቢፈጥን በማግስቱ ነው። ማንም አላጠፋም፤ ሰዓቱ ግን አልፏል።

የሕክምና መጻሕፍት ስለ ስትሮክ ሲጽፉ ሰፊውን ገጽ የሚሰጡት ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ቀወት ለሚገኝበት ለይፋት ቆላ ሰው ሕክምናው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ያ ገጽ ከተዘጋ በኋላ ነው። ቤተሰቡም የሚጠይቀው ጥያቄ ያው አንዱ ነው፦ «ዶክተር፣ ደም ስሩ አሁንም ተዘግቷል ከተባለ፣ አሁን ይከፈትለት?» ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለዚያ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ በዓለም ላይ ያሉ ብርቱ ሐኪሞች ግማሽ ምዕት ዓመት ተከራክረውበት፣ ሦስት አራት ጊዜ ተሳስተውበታል።

የዚሁ ዳገት አገር ልጅ የሆነ አንድ ሕመምተኛ ታሪኩ በደንብ ተጽፎልናል። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ነው፤ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የተቀመጡባት አንኮበር ከዚሁ የተራራ ሰንሰለት ላይ ሆና የይፋትን ቆላ ቁልቁል ታያለች። ንጉሠ ነገሥቱ ቀደም ሲል ቀለል ያሉ ምቶች ደርሰውባቸው ነበር። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመጣው ግን አልጋ ላይ ጣላቸው፤ አካላቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። አራት ዓመት ከሁለት ወር መሆኑ ነው። አገሪቱ ያን ሁሉ ጊዜ በሕይወት ያለ፣ ግን መናገር የማይችል ንጉሥ ይዛ ቆየች፤ እቴጌ ጣይቱ፣ ራስ ተሰማ ናደው፣ ልጅ ኢያሱ፣ መኳንንቱ ሁሉ በዚያ አልጋ ዙሪያ ተሻሙ። ስትሮክ የአንድ ሰው በሽታ ብቻ አይደለም የሚባለው ቤተሰብ ስለሚያናጋ ነው፤ የምኒልክ ግን መንግሥት አናጋ።

የውጭ ሐኪም ጠፍቶ አልነበረም። ከጓዴሎፕ የመጡት ዶክተር ቪታሊየን፣ ከጀርመን የመጡት ዶክተር ሽታይንኩለር በቤተ መንግሥቱ አገልግለዋል። ሆኖም ከመካከላቸው አንዱም የንጉሡን የአንጎል ደም ስር ሊያይ አይችልም ነበር። የደም ስር ተዘጋ ወይስ ፈነዳ፣ አንገት ላይ ነው ወይስ ራስ ቅል ውስጥ፣ የተዘጋ ከሆነስ ከልብ መጥቶ ነው ወይስ እዚያው ደድሮ፤ ይህን ለመለየት ፖርቹጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1927 በደም ስር ውስጥ ቀለም ረጭቶ በኤክስሬይ የአንጎልን ደም ስሮች ፎቶ እስኪያነሳ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ምኒልክ ካረፉ 14 ዓመት ሆኖ ነበር። ዛሬ የአንጂዮግራፊ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሁሉ መነሻው ያ ፎቶ ነው።

ደም ስር ሲዘጋ ከጀርባው ያለው አንጎል ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሞትም። የአዋቂ ሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ከኦክስጅኑ አንድ አምስተኛውን ይበላል፤ ስለዚህ ደም ጨርሶ የቀረበት ቦታ በደቂቃዎች ያልቃል። በዙሪያው ግን ሌላ ቀጠና አለ። ጣርማ በር ላይ ናዳ ወርዶ ዋሻው ቢዘጋ የይፋት ሽንኩርት ደጋ ከመድረስ ጨርሶ አይቀርም፤ በአህያ በጥንቱ የእግር መንገድ፣ በአንኮበር በኩል ዞሮም ጥቂት ጥቂቱ ይወጣል። አንጎልም እንዲሁ ተለዋጭ መንገድ አለው። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ1664 የገለጸው፣ ከአንጎል ሥር የሚገኘው የደም ስሮች ክብ ግራውን ከቀኝ፣ የፊቱን ከኋላ ያገናኛል። ከዚያ በላይ በአንጎል ገጽ ላይ እርስ በርስ የሚነካኩ ቀጫጭን ስሮች አሉ። እነዚህ ስሮች በአንዱ ሰው ሰፋፊ ናቸው፣ በሌላው ከናካቴው ጎደሎ ናቸው፤ ተፈጥሮ እዚህ ላይ ፍትሕ አታውቅም።

ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ከተዘጋው ስር ጀርባ ሦስት ዓይነት አንጎል ይኖራል ማለት ነው። የመጀመሪያው የሞተው ነው፤ ይህን የሚመልስ የደም ስር ማስፊያ ባሉንም፣ ስሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ (ስቴንት)ም የለም። ሁለተኛው በተለዋጩ መንገድ ጥጋብ የሚያገኘው ነው፤ ይህ ደግሞ መርጃ አይፈልግም። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለው፣ በሕይወት ያለ ግን የተራበው ነው። ቀን በቀን ኑሮው ደህና ይመስላል፤ ሰውዬው ተቅማጥ ይዞት ውሃ ሲያጥረው፣ ወይም የግፊት ክኒን ከልክ በላይ ወስዶ ግፊቱ ዝቅ ሲል ግን እጁ ይዝላል፣ ቃል ይጠፋበታል፣ ቀና ሲል ዓይኑ ይጨልማል። ሐኪሙን ሊያሳስበው የሚገባው ይህ ሦስተኛው ነው። «ተዘግቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም አያደርስም፤ «ከጀርባው የተራበ አለ ወይ?» ነው ትክክለኛው ጥያቄ። ብዙ ቤተሰብ በራዲዮሎጂው ወረቀት ላይ «ሙሉ በሙሉ የተዘጋ» የሚል ቃል አንብቦ ይደነግጣል፤ ቃሉ የሚያስደነግጠውን ያህል የሚናገረው ነገር የለም።

ሐኪሞች መጀመሪያ የሞከሩት የተዘጋውን መክፈት ሳይሆን ተለዋጭ መንገድ መሥራትን ነው። ቱርካዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጋዚ ያሳርጊል እ.ኤ.አ. በ1967 ዙሪክ ላይ ከራስ ቅል ውጭ ያለውን የጆሮ ግንድ ደም ስር አምጥቶ፣ ቅሉን ከፍቶ፣ በማይክሮስኮፕ እያየ ከአንጎል ደም ስር ጋር ሰፋው። ሐሳቡ ያምራል፤ ማንም ቢሰማው ልክ ነው ይላል። ከዚያ 1,377 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ጥናት ተደረገና በ1985 ውጤቱ ወጣ፦ ስፌቱ ስትሮክን አልቀነሰም። ደጋፊዎቹ «የተራቡትን ለይታችሁ አልመረጣችሁም» አሉ። እውነት ነበራቸው። ስለዚህ አሜሪካውያን አንጎሉ ምን ያህል እንደተራበ በልዩ መሣሪያ እየለኩ የተራቡትን ብቻ መርጠው እንደገና ሞከሩ። በ2011 የወጣው ያ ጥናት በ195 ሰዎች ላይ ቆመ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ስትሮክ የደረሰባቸው ከተሰፋላቸው 21 በመቶ፣ ካልተሰፋላቸው 22.7 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያው ወር ግን ከተሰፋላቸው 14.4 በመቶ፣ ካልተሰፋላቸው 2 በመቶ ብቻ ተጎድተዋል። ወደፊት ይገኛል የተባለውን ጥቅም የቀዶ ሕክምናው ጉዳት አስቀድሞ በላው። በ2023 ቻይናውያን በ324 ሰዎች ላይ ደገሙት፤ አሁንም ግልጽ ብልጫ አልተገኘም።

በዚህ መካከል ሌሎች ሐኪሞች ሌላ መንገድ ከፍተው ነበር። በ1964 ቻርልስ ዶተር የተባለ አሜሪካዊ የእግርን ደም ስር በቱቦ ከውስጥ ከፈተ፤ በ1977 አንድሪያስ ግሩንትሲግ ዙሪክ ላይ የልብን ደም ስር በባሉን አሰፋ። በ1980 ደግሞ የማዮ ክሊኒኩ ሰንትና ባልደረቦቹ ያንኑ በአንጎል ግርጌ ባለ ደም ስር ላይ መሞከራቸውን ጻፉ። ቅል መክፈት ቀረ። ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ተገብቶ፣ በደረት በኩል ታልፎ፣ አንገት ተወጥቶ አንጎል ይደረሳል። በ2005 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለአንጎል ደም ስር የተሠራውን ዊንግስፓን የተባለ ስቴንት በልዩ ፈቃድ አሳለፈው። ሁሉም ሰው መፍትሔው ተገኘ ብሎ ነበር።

ከዚያ ሳምፕሪስ መጣ። የዚህ ምዕራፍ ዋና ታሪክ ይህ ጥናት ነው፤ አንባቢ ከሌላው ሁሉ ቁጥር ይህን ቢይዝልኝ ይበቃኛል። በጥናቱ የተካፈሉት የአንጎላቸው ትልቅ ደም ስር ከ70 እስከ 99 በመቶ የጠበበባቸው፣ በቅርቡም ስትሮክ ወይም አላፊ ምት (ምልክቱ ቶሎ የሚጠፋ ስትሮክ) የደረሰባቸው ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ ስቴንት ገባላቸው፤ ሁሉም ግን እኩል፣ ጠበቅ ያለ የመድኃኒት ክትትል አገኙ፦ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ለ90 ቀን አብረው፣ ከዚያ አስፕሪን ብቻ፤ የላይኛው ግፊት ከ140 በታች፣ ስኳር ላለበት ከ130 በታች፤ መጥፎው ኮሌስትሮል ከ70 በታች፤ ሲጋራ ማቆም፣ እንቅስቃሴ ማድረግ። 451 ሰዎች ከተመዘገቡ በኋላ፣ በ2011፣ የጥናቱ ተቆጣጣሪዎች ምዝገባውን አስቆሙት። በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ የደረሰባቸው ወይም የሞቱት ስቴንት ከገባላቸው 14.7 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት 5.8 በመቶ ነበሩ። በዓመቱ ቁጥሩ 20 ለ12.2 ሆነ።

ልብ ላይ የሠራ ነገር አንጎል ላይ ለምን ከዳ? የአንጎል ደም ስር የልቡን አይመስልም። ግድግዳው ስስ ነው፤ በሥጋ ተከቦ ሳይሆን በፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ ነው ያለው፣ ስለዚህ ሽቦው ከወጋው ደሙን የሚያቆምለት ጎረቤት የለም። ሌላው ነገር ከትልቁ ስር ጎን የሚወጡት የፀጉር ያህል የቀጠኑ ቅርንጫፎች ናቸው። የሰውን እጅና እግር የሚያዝዘው የአንጎል ጥልቅ ክፍል የሚኖረው በእነዚህ ነው፤ ባሉኑ ሲነፋ በግድግዳው ላይ የተጋገረው ስብ ተገፍቶ አፋቸውን ይደፍናል። በፎቶው ላይ ትልቁ ስር ተከፍቶ ያምራል፤ ሕመምተኛው ግን ሲነቃ እጁ የለም። በሦስተኛ ደረጃ፣ ለወራት ተርቦ የኖረ አንጎል ደም በድንገት ሲጎርፍበት መቆጣጠር ያቅተውና ያብጣል፣ አንዳንዴም ይደማል። ከአሠራሩ በኋላ ባሉት ቀናት ግፊቱ በየሰዓቱ የሚጠበቀው ለዚህ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ አልቆመም። የጥበቡ ሰዎች ከሳምፕሪስ ተምረው አዘገሙ፦ ከስትሮኩ በኋላ ቸኩሎ አለመግባት፣ ባሉኑን ከደም ስሩ ልክ ያነሰ መምረጥ፣ ቀስ ብሎ መንፋት፣ ስቴንቱን ካልተቸገሩ መተው። በ2022 የወጣው የቻይና ጥናት በ380 ሰዎች ላይ ስቴንትን እንደገና ፈትኖ በሁለቱ ወገን ልዩነት አላገኘም፤ ቢያንስ ጉዳቱ ቀንሷል ማለት ነው። በ2024 ደግሞ ባሲስ የተባለው፣ እንዲሁ በቻይና 31 ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ባሉንን ብቻ ሞከረ። ስትሮክ ከደረሰባቸው ከ14 እስከ 90 ቀን የሆናቸውን ነው የወሰደው፤ አጣዳፊው ጊዜ ካለፈ በኋላ ማለት ነው፣ የእኛው ጥያቄ ጊዜ። በዓመት ውስጥ ስትሮክ፣ ሞት፣ ወይም ደም ስሩን እንደገና የመክፈት ግዴታ የገጠማቸው ባሉን ከተነፋላቸው 4.4 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት 13.5 በመቶ ነበሩ። ከአርባ ዓመት ሽንፈት በኋላ የመጀመሪያው ጥሩ ዜና ነው። ዜናውን ይዞ ወደ ገበያ ከመሮጥ በፊት ግን ሁለት ነገር ማየት ይገባል። ባሉን ከተነፋላቸው ከመቶ 14.5 ያህሉ የደም ስራቸው ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ ሥራው የተሠራውም ይህን በየቀኑ በሚሠሩ እጆች ነው።

እስካሁን የጠቀስኳቸው የባሉንና የስቴንት ጥናቶች በሙሉ የጠበበ እንጂ ጨርሶ የተዘጋ ደም ስር ላይ የተደረጉ አይደሉም። ጨርሶ ተዘግቶ ሳምንታትና ወራት የቆየው ሌላ ነገር ነው። የረጋው ደም ውሎ አድሮ እየደረቀ ጅማት ይሆናል። ባለሙያው ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያንስ ሽቦ ይዞ እውነተኛውን መንገድ ፈልጎ ማለፍ አለበት፤ ካልተጠነቀቀ ሽቦው በግድግዳው ሁለት ንብርብር መካከል ይገባና የሐሰት መንገድ ይከፍታል። የመሳካቱ ዕድል ቀኑ በረዘመ ቁጥር ይመነምናል። በዚህ ላይ በብዛት የሚጽፉት የቻይና ሆስፒታሎች ናቸው፤ የሚያቀርቡት ውጤት በአብዛኛው ራሳቸው መርጠው የሠሩላቸውን ሕመምተኞች ነው፣ በዕጣ ተከፍሎ የተወዳደረ አይደለም። እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ጨርሶ ለተዘጋና ሕመምተኛው በመድኃኒት ተረጋግቶ ለተቀመጠ ደም ስር ማንም ቱቦ ማስገባት የለበትም። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ፣ ግፊቱም ተስተካክሎ፣ አሁንም እጁ እየዛለ ለሚመላለስ፣ በምስልም የተራበ አንጎል ለታየበት ሰው ግን ነገሩን ማንሳት ተገቢ ነው።

አንገት ላይ ያለው የካሮቲድ ደም ስር ደንቡ ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ካሮቲድ ከ70 እስከ 99 በመቶ ጠብቦ ስትሮክ ካመጣ ስቡን በቀዶ ሕክምና ጠርጎ ማውጣት በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያው ወገን የሚመጣውን ስትሮክ ከ26 በመቶ ወደ 9 እንደሚያወርድ በ1991 የሰሜን አሜሪካ ጥናት አረጋግጧል። ትልቁ ጥቅም የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተሠራ ነው። ይህ ሁሉ ግን ካሮቲዱ ጠባብ ሆኖ ክፍት ሳለ ነው፤ መቶ በመቶ ከተዘጋ ያ ቀዶ ሕክምና አይሠራለትም። አንገት በአልትራሳውንድ መታየት ይችላል፤ መሣሪያው ሲቲ ስካን በሌለበት ከተማም ይገኛል። ስትሮክ የደረሰበት ሰው በቶሎ የአንገት አልትራሳውንድ ቢታዘዝለት ከብዙ ሩቅ ጉዞ ይበልጥበታል።

በእኛ አገር ሌላ መልክም አለ። የኢትዮጵያ የስትሮክ ሕመምተኞች ከአውሮፓውያኑ በዕድሜ ያነሱ ናቸው፤ ደም የፈሰሰባቸውም ድርሻ ከፍተኛ ነው። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ በልጅነት ጉሮሯቸውን ታመው ሳይታከሙ የቀሩ፣ በዚያም የልባቸው በር የተበላሸ ናቸው። የእነርሱ የደም ጓል የመጣው ከልብ ነው። እንዲህ ላለችው የ25 ዓመት ሴት የአንጎል ስቴንት ምን ያደርጋል? የሚያስፈልጋት ዋርፋሪን ነው፤ ለዚህ የልብ በሽታ ዋርፋሪንን የመሰለው የድሮው ደም ማቅጠኛ ከአዲሶቹ ከአንዱ እንደሚሻል በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድ ሳይነሳ ስለ አንጎል ቱቦ የሚያወራ ሐኪም ቢገጥማችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

አገልግሎቱ የት ነው ያለው? የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ሥራ ሲጀምሩ ብቻቸውን ነበሩ። የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ በዚያው ዓመት ከኖርዌዩ በርገን ጋር የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ተጀመረ። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከጥቁር አንበሳ የወጡ ሐኪሞች በክልሎችም አሉ። ቱቦ ይዞ አንጎል ውስጥ የሚገባው ሙያ ግን ገና ጥቂት እጆች ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ እንደ አክሰን ያሉ ለስትሮክና ለአከርካሪ የቆሙ የግል ማዕከላት ተከፍተዋል፣ ውጭ ካሉትም በአሜሪካ ቴክሳስ ሲሠሩ የቆዩትን ዶክተር ወንድወሰን ተክሌን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን በዚሁ ሙያ ይታወቃሉ። ባሉኑም፣ ስቴንቱም፣ ሽቦውም በውጭ ምንዛሪ የሚገቡና አንዴ ተሠርቶባቸው የሚጣሉ ናቸው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካርድ ይህን አይሸፍንም።

እዚህ ላይ ነው ወደ ይፋት የምመለሰው። አባቱ የታመመበት ልጅ መሬቱን በኮንትራት ይሰጣል፣ በሬውን ይሸጣል፣ ዓረብ አገር ያለችው እህቱ የሁለት ዓመት ደመወዟን ትልካለች፤ ከዚያ ደላላው ስለ ሕንድ ወይም ስለ ባንኮክ ሆስፒታል ያወራላቸዋል። «የተዘጋ ስር መክፈት» የሚለው ቃል ለልጅ ጆሮ ጣፋጭ ነው። ማንም ልጅ ለአባቱ አልከፍትም አይልም። የሞተው አንጎል ግን ስሩ ቢከፈትም አይነሳም፤ እጅና እግር የሚመለሰው በተረፈው አንጎል ነው። ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፣ የሚመጣውም ፊዚዮቴራፒ በየቀኑ ከተሠራ ነው። እነዚያን ሦስት ወራት ፓስፖርትና ቪዛ እየጠበቁ ማሳለፍ ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ነው። በሬው ተሸጦ የሚገኘው ገንዘብ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ለሚደረግ ምልልስ፣ ለክኒን፣ ለግፊት መለኪያ ቢውል ብዙ ይሄዳል።

ቤተሰቡ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሐኪሙን በጥሞና ይጠይቅ። ደም ስሩ ጠብቧል ወይስ ጨርሶ ተዘግቷል? አንገት ላይ ነው ወይስ ራስ ቅል ውስጥ? ልቡ ታይቷል? መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ስትሮኩ ተመልሶበታል ወይስ ያለ መድኃኒት ነው የቆየው? ከጀርባው የተራበ አንጎል እንዳለ በምን ታወቀ? ሥራውን የሚሠራው ባለሙያ ከዚህ በፊት ለስንት ሰው ሠርቷል፣ ስንቱስ ተጎድቷል? ለመጨረሻው ጥያቄ ቁጥር የሌለው ወይም የሚቆጣ ሐኪም መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለቀረው፣ ማለትም ለአብዛኛው ሰው፣ ሳምፕሪስ ውስጥ ያሸነፈው ወገን የወሰደው ሕክምና በየወረዳ ከተማው መድኃኒት ቤት አለ። አስፕሪን አለ፣ አምሎዲፒን አለ፣ አቶርቫስታቲን አለ። ደም የፈሰሰበት እንዳልሆነ በሲቲ ስካን ሳይረጋገጥ አስፕሪን አይጀመርም፤ የስትሮክ ሕመምተኛ ቢያንስ አንዴ ጣርማ በርን መሻገሩ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ ከፍተኛ ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹ ተለክተው አያውቁም ነበር። የጀመሩትም ክኒኑን «ተሽሎኛል» ብለው ያቋርጡታል፤ በጾም ወይም በረመዳን ሰዓቱ ሲለወጥባቸው የሚተዉት አሉ። ግፊት ግን አያምም፤ የሚያመው ስትሮኩ ነው። መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት በጾም ወቅት እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል የጤና ጣቢያ ባለሙያ ያውቃል፤ ካህኑም ሸሁም ታማሚ ክኒኑን እንዲውጥ ሲናገሩ ሰው ይሰማቸዋል።

ይህን የምታነቡ የይፋት ልጆች፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ጅዳ፣ ስትሮክ የደረሰበት ወላጅ ካላችሁ የሲቲ ስካኑን ፊልምና ሲዲ እንዳይጠፋ አስቀምጡ፤ ቀጣዩ ሐኪም ከወረቀቱ ይልቅ እሱን ነው የሚፈልገው። ክኒን የሚገዛበትን ብር በየወሩ ላኩ። ስልክ ስትደውሉም ባለፈው ሳምንት የተለካው ግፊት ስንት እንደነበር ጠይቁ፤ ካልተለካ ነገ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።